ዕዳና የቶጎ ውጫሌ በር

ብድር ቢቀበሉት ይጣፍጣል፤ ቢመልሱት ግን ይመራል። ለጅጅጋ ቅርብ በሆነው በበርበራ ወደብ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሊላንድ 30፣ ኢትዮጵያ 19 በመቶ እንዲይዙ ተስማምተው ነበር። ዳሩ ግን አገራችን የሚጠበቅባትን ስላልፈጸመች ድርሻዋ መቅረቱን የሶማሊላንድ ሹማምንት በ2014 ዓ.ም. ገለጡ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የ1 ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳይከፈል ቀረ።

ዕዳ የሚከፈለው ወደ ውጭ ከሚሸጥ ሀብት ነው። የጅጅጋ ግመልና ፍየል በቶጎ ውጫሌ በኩል በሥውር ሲሻገር ግን ምንዛሪው ወደ ባንክ አይገባም። ወጣት ሹማምንት ሆይ፤ አርብቶ አደሩን ከማሳደድ ይልቅ ሕጋዊው መንገድ ከሥውሩ እንዲቀልለት ብታደርጉ ይበጃል እንላለን። የባዕድ ገንዘብ የሚጠቅመው የራሱን ገበያ ያደራጀ ሕዝብ ሲያገኝ ነውና።