ድምፅ ብቻውን የማይናገረው፦ የድሮ የሶማሊ ሙዚቃ ምስሎችና የጅግጅጋ ድርሻ

ዳንቶ በሶማሌ ክልል በስፋት የሚታወቅ የዘፈንና የጭፈራ ዓይነት ነው። ወንዶችና ሴቶች በረድፍ ወይም ፊት ለፊት ቆመው ይጨፍሩታል፤ አውጪው ግጥም ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። በጥንታዊ ይዘቱ ከድምፅ ሌላ የሚያጅበው የእጅ ጭብጨባና የእግር ምት ነው፤ እርምጃውም የግመልን አካሄድ እንደሚመስል ይነገራል። ዳንቶን በካሴት የሚሰማ ሰው ግጥሙን፣ ዜማውንና ምቱን ያገኛል። ማን ከማን ትይዩ እንደቆመ፣ አውጪው ቃሉን ለማን እንደወረወረ፣ ረድፉ ወደፊት የገፋው በየትኛው ስንኝ ላይ እንደሆነ ግን አያውቅም። ከጨዋታው ግማሹ በዓይን የሚገባ ነውና በጆሮ ብቻ የተቀመጠ ዳንቶ ጎዶሎ ነው። ስለዚህም በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬና በሌሎቹ የክልሉ የሰሜን ከተሞች በየሰው ቤት የቀሩ የድሮ የቪዲዮ ቅጂዎች ከድምፅ ካሴቶች እኩል ቅርስ ተብለው ሊያዙ ይገባል። ቅርስነታቸው የሚጸናው ግን አስተውሎ የሚያይ ሰውና ያየውን በስም የሚመዘግብ ሰው ሲያገኙ ነው።

የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ድንበር አያውቅም። የሶማሊ ቋንቋ ይፋዊ ፊደል ያገኘው በሶማሊያ መንግሥት ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ግጥም የኖረው በቃልና በጭፈራ፣ እንዲሁም ግመል ሲጠጣና ውኃ ሲቀዳ በሚዜሙ የሥራ ዘፈኖች ውስጥ ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ በዛሬዋ ሶማሊላንድ በቦረማ አካባቢ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው አብዲ ሲኒሞ ባልዎ የተባለውን አጭር የፍቅር ዘፈን አስተዋወቀ። ባልዎ ከሾፌሩ ጋር በመኪና መንገዶች ተጓዘ፤ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ደጋው ባሉ የንግድ ከተሞች ወጣቱ ተቀበለው፣ ሽማግሌውና የሃይማኖት አባቱ ግን ነቀፉት። እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተው የሐርጌሳ ሬዲዮ አዲሱን ስልት በየቤቱ አዳረሰው። ሙዚቀኛው አብዱላሂ ቀርሼ ሶማሊዎች ከበን የሚሉትን የክር መሣሪያ፣ ዑድን፣ የዘፈኑ አጃቢ አደረገው። ባልዎም እየረዘመና እየሰፋ ሄዶ ሄሎ የሚባለውን ዘመናዊ ዘፈን ወለደ። ቀደምቶቹ የከበን የፍቅር ዘፈኖች ቃራሚ በሚል ስም እስከ ዛሬ ይወደዳሉ።

ጅግጅጋን ከዚህ ታሪክ ጋር በይበልጥ ያስተሳሰራት የ1988ቱ ጦርነት ነው። በዚያ ዓመት የሶማሊያ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በከባድ መሣሪያ ሲደበድብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከጅግጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የተቋቋመው የሐርትሼክ ጣቢያ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከሐርጌሳ ሬዲዮ ቴፖች ውስጥ ከጥፋት እንዲተርፉ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ነበሩ፤ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩም ነበሩ። ይህ የድምፅ ሀብት ኋላ ላይ ተቆርቋሪ አግኝቷል። የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ14,000 በላይ ካሴቶችን ሰብስቧል፤ በ2017 ከዚሁ ዓይነት ቴፕ የተመረጡ ዘፈኖች በአልበም ወጥተው ለግራሚ ሽልማት ታጭተዋል። ለምስሉ ግን ተመሳሳይ ትኩረት አልተሰጠውም።

ምስሉ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነበር። ድምፅ መቅጃ ርካሽና ቀላል ስለሆነ በየሻይ ቤቱ ሲገባ ካሜራ የመንግሥትና የባለሀብት ዕቃ ሆኖ ቆየ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ ነው፤ ጅግጅጋ ከዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በሞቃዲሾ ብሔራዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1967 ከተከፈተ በኋላም ብዙው ትርኢት የቀረው በተመልካች ትዝታና በሬዲዮ ቅጂ ነበር። የቪዲዮ ካሴት በተስፋፋበት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ግን ቴአትሮች፣ የኪነት ምሽቶችና ሰርጎች ይቀረጹ ጀመር። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተባዛ በነጋዴና በዘመድ በኩል ከአገር አገር ዞረ። ዛሬ የድሮ ምስል ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ይኸው በብዕር የተጻፈ ወረቀት የተለጠፈበት፣ የቅጂ ቅጂ የሆነ፣ ከሥሩ ነጭ መስመር የሚታይበት ካሴት ነው።

እንዲህ ያለው ደብዛዛ ምስል ጥርት ያለ ድምፅ የማይሰጠውን ይሰጣል። አንደኛው እጅ ነው። የከበን አንገት እንደ ጊታር መለያ ብረት የለውም፤ ተጫዋቹ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ጣቱን በልምድ አስቀምጦ ነው። በቀኝ እጁ የያዘው መምቻ መቼ ወደታች፣ መቼ ወደላይ እንደሚሄድ፣ ግራ እጁ በየት ጋ እንደሚንሸራተት ከድምፅ መገመት አድካሚ ነው፤ አንድ ደቂቃ ምስል ግን ነገሩን ይገልጠዋል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የአሜሪካ የሕዝብ ሙዚቃ ነው። ኤልዛቤት ኮተን ግራኝ ነበረች፤ ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጣ ትይዝና ወፍራሞቹን ክሮች በሌሎች ጣቶቿ፣ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። ሸክላዋን የሰማ ሰው ጨዋታው ከሌላው የተለየ መሆኑን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን ያወቀው ምስሏን ያየ ነው። የሕዝብ ዘፋኙ ፒት ሲገር በ1965 እና በ1966 ባዘጋጀው ሬይንቦ ኩዌስት በተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከቀረቡት እንግዶች አንዷ እሷ ነበረች። ያ ባለ 39 ክፍል ጥቁርና ነጭ ዝግጅት በትንሽ ወጪ የተሠራ ነው፤ ካሜራው ግን ፊት ብቻ ሳይሆን ጣትም ስላሳየ ለኋላ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሆነ።

ሁለተኛው ክቡ ነው። የሴቶች ግጥም የሆነው ቡራንቡር በሰርግና በሌላ የደስታ ቀን ሲደምቅ አንዷ ግጥም ታወርዳለች፣ ሌሎቹ በጭብጨባና በከበሮ ያጅባሉ፣ ከመካከላቸው አንዷ ወደ መሐል ገብታ ትጨፍራለች። ጥሩ ስንኝ ሲወርድ ጭብጨባው ይጠብቃል፤ የተወደሰችው ሰው በስሟ ስትጠራ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። በሶማሊ ግጥም እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሊኖረው ግድ ስለሆነ አድማጩ የገጣሚዋን ችሎታ እዚያው ይመዝናል፤ ምዘናው በፊቱና በእጁ ይታያል። ስለዚህ በቡራንቡር ተመልካች የሚባል የለም፤ ክቡ ራሱ ዳኛ ነው። ድምፅ ብቻ የቀዳ ሰው የዳኛውን ፍርድ ትቶ የተከራካሪዋን ቃል ብቻ ወስዷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዘፈኑ የተወለደበት ቦታ ነው። ከታወቁት የሶማሊ ዘፈኖች ብዙዎቹ የተደረሱት ለመድረክ ተውኔት ነው። ሐሰን ሼክ ሙሚን እ.ኤ.አ. በ1968 ለመድረክ ያበቃው ሸቤልናጎድ የተባለው ተውኔት ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ንግግሩም ዘፈኑም አንድ ታሪክ ይናገራሉ። ዘፈን ከተውኔቱ ተቆርጦ በሬዲዮ ሲለቀቅ የብቻ የፍቅር ዘፈን ይመስላል። በምስል ሲታይ ግን የተታለለች ሴት ክስ ወይም የአታላይ ማባበያ መሆኑ ይገለጣል። ቪዲዮ ሻጮችና ቅጂ አባዦች ዘፈኑን ብቻ ቆርጠው ሲያስቀሩ የጠፋው ማሳመሪያ አይደለም፣ ትርጉሙ ነው።

ምስልም ቢሆን በጭፍን የሚታመን አይደለም። ካሜራ ክቡን ወደ ግንባር ይለውጠዋል፦ ለመድረክ ሲባል ረድፉ ለአዳራሹ ፊቱን ይሰጣል፣ የሚቀበለው ሕዝብ ከጨዋታው ይወጣል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓለምን የዞረው የሕዝብ ለሕዝብ የኪነት ቡድን ምስል ኢትዮጵያውያን በፍቅር የሚያዩት ነው፤ ነገር ግን እዚያ የሚታየው ለመድረክ የተለካ፣ ልብሱና እርምጃው የተስተካከለ ጭፈራ ነው። ያን አይቶ የገጠሩ ጨዋታ እንዲሁ ነበር ማለት ስህተት ነው። ስለዚህ የድሮ ምስል የሚያይ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ካሜራው የት እንደቆመ፣ ማን እንዳስቀረጸው፣ ጨዋታው ለእንግዳ ይሁን ለባለቤቱ ነው። ቀጥሎ ከአውጪው ፊት ዓይኑን አንሥቶ ዳር ያሉትን ማየት አለበት፤ ስልቱን የተሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ዳንቶ ዛሬም በኪቦርድና በፈጣን ክሊፕ ሕያው ስለሆነ የድሮው ብዥታ ምን ያደርጋል የሚል ክርክር ይነሳል። አዲሱ ዳንቶ ወጣቱን ማርኳል፤ መብቱም ክብሩም የተጠበቀ ነው። ሆኖም ክሊፕ በየሁለትና ሦስት ሴኮንዱ ስለሚቆረጥ አንድን እርምጃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያሳይም። አንድ ቦታ ተተክሎ ሃያ ደቂቃ ሳይቋረጥ የቀረጸ ያልሠለጠነ የሰርግ ካሜራ በዚህ ይበልጠዋል። ሕያው ጥበብ ከመነሻው ጋር ሊተያይ የሚችለው ደግሞ መነሻው ሲኖር ነው።

ጊዜው ጠባብ ነው። የአሜሪካ ብሉዝ ሙዚቃ ታላቁ ሰው ሮበርት ጆንሰን በ1938 ሲሞት የቀሩለት 29 ዘፈኖች ናቸው፤ የሚታወቅ አንድም ተንቀሳቃሽ ምስል የለውም። ሌላው የብሉዝ ሰው ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ግን በ1928 ሸክላ ካስቀዳ በኋላ ተረስቶ ኖሮ በ1963 ተገኘ፤ በ1966 እስኪሞት በነበሩት ሦስት ዓመታት ስለተቀረጸ እጆቹ እስከ ዛሬ ያስተምራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው ካሜራ ይዞ በጊዜው መድረሱ ብቻ ነው። በጅግጅጋ የቀሩት ካሴቶች አደጋም ሁለት ነው። ማግኔታዊ ቴፕ በሙቀት፣ በአቧራና በእርጥበት ይበላሻል፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የቪዲዮ ዴክ ያመርት የነበረው የመጨረሻው የሚታወቅ ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ከሰሜን አሜሪካ የተላከ ካሴት ደግሞ አቀራረጹ ከአካባቢው የተለየ ስለሆነ በተራው ዴክ በትክክል ላይታይ ይችላል። ሻጋታ የያዘን ካሴት ሳያጸዱ ማጫወት ቴፑንም ዴኩንም ያበላሻል፤ ስለዚህ ለጨዋታ ደጋግሞ ከማየት በፊት አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ወደ ዲጂታል መገልበጥ ይቀድማል።

መገልበጥ ብቻውን አይበቃም። ስም የሌለው ፋይል በፍላሽ ላይ የተኛ ሌላ ካሴት ነው። ከቅጂው ጋር አውጪው ማን እንደነበረ፣ ግጥሙን ማን እንደደረሰው፣ ከበኑን ማን እንደመታ፣ የትና መቼ እንደተቀረጸ መጻፍ አለበት፤ ይህን የሚያውቁት በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸው። ፈቃድም የግድ ነው። የሴቶች ቡራንቡር ብዙ ጊዜ ወንድ በሌለበት የሚከናወን የግል ደስታ ነው፤ የተቀረጸው ለቤተሰብ እንጂ ለአደባባይ አይደለም። ባለቤቶቹ ያልፈቀዱት ምስል በተዘጋ ማኅደር ይቀመጥ እንጂ በኢንተርኔት አይበተን።

ሥራው የአንድ ተቋም አይደለም። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ማኅደሩንና ባለሙያውን፣ የክልሉ የባህል ቢሮ አደራውንና ሕጉን፣ የክልሉ ቴሌቪዥን የመገልበጫ መሣሪያውን፣ ቤተሰብ ደግሞ ካሴቱንና ስሞቹን ሊያዋጡ ይችላሉ። በቤቱ የድሮ ካሴት ያለው ሰው ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ፦ ካሴቱን ከሙቀትና ከአቧራ ያንሣ፣ ከመጣልም ከመሸጥም ይቆጠብ፣ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ስም ከሚያውቅ ሽማግሌ ጠይቆ በወረቀት ይጻፍ። ቴፑ ባይተርፍ እንኳ ስሙ ይተርፋል፤ ሁለቱም ከተረፉ ቀጣዩ ትውልድ የአያቶቹን ጥበብ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በዓይኑም ይማራል።