ከአቅሙ በላይ የሮጠ ፕሮሰሰር ስንት ያወጣል?

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሜካኒክ ይዞ የሚሄድ፣ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሆን የሚጠረጥር ነጋዴ ሞልቷል። ያው ነጋዴ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ለከፈተው ቢሮ ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲገዛ ግን «ፈጣን ነው» ከተባለ ይበቃዋል። ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውን ሴለሮን 300ኤ በ300 ሜጋኸርዝ ሂሳብ ገዝተው በ450 ያሠሩት ብዙዎች ነበሩ። በርካሽ ገዝቶ የውዱን ሥራ ማሠራት ማንም ነጋዴ የሚወደው ሂሳብ ነው። በዚያው ዘመን የፕሮሰሰሩን ጽሑፍ ፍቀው ከፍ ያለ ቁጥር በማተም የሚሸጡ አጭበርባሪዎችም ነበሩ።

ፍጥነቱን ብቻ በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ዕድሜውን ብዙም አይነካም። ጉዳቱ የሚመጣው በአዲሱ ፍጥነት እንዳይደናቀፍ ቮልቴጅ ሲጨመርለት ነው። ፍጥነቱ 20 በመቶ፣ ቮልቴጁ 10 በመቶ ቢጨምር የሚያመነጨው ሙቀት 45 በመቶ ገደማ ያድጋል። በውስጡ ያሉት መስመሮች ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ በመሆናቸው፣ ኃይልና ሙቀት ሲበዛባቸው የብረቱ አተሞች ከቦታቸው ይገፋሉ፤ ጎርፍ የወንዝ ዳር አፈር እንደሚሸረሽር ማለት ነው። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ አልፎ አልፎ ይደርቃል፤ ቆይቶ ጭራሽ እምቢ ይላል።

ቮልቴጅ ምን እንደሚያደርግ ኢንቴል ራሱ አይቶታል። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ በመጎዳታቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ዋስትናቸውን በሁለት ዓመት ለማራዘም ተገዷል። ገዢው ራሱ ኦቨርክሎክ አድርጎ ላቃጠለው ግን ፋብሪካ አይከፍልም።

«የእንጦጦ ብርድ እያለ ምን ሙቀት አለ?» የሚል ሻጭ ቢገኝ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ብርዱ ይረዳል። ነገር ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው።

ብር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የተቃጠለን ፕሮሰሰር መተካት ቀላል ወጪ አይደለም። ሙሉ ሥዕል የሚሠራ አርክቴክት ወይም የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ደግሞ ከዕቃው ይልቅ የቆመው ሥራ ይጎዳዋል።

መቼቱ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ አሻራው ስለሚጠፋ ገዢው አይቶ አያውቀውም። የመኪናው ኪሎ ሜትር እንኳ ከዚህ ይሻላል። ስለዚህ ገዢ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ኮምፒዩተሩን ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት በከባድ ሥራ ያስሞክር፤ ሻጭም ኦቨርክሎክ ተደርጎ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «አልተደረገም» ብሎ የሚፈርም ሻጭ ጥቂት መቶ ብር ጨምሮ ቢጠይቅ የሚቀየመው ገዢ አይኖርም።