ቡኒው ውሻ ቤት ይፈልጋል

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ጋር ወደ ውሾች ማቆያው፣ ወደ ካልቢያው ሄጄ ነበር። አንድ ቡኒ ውሻ ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ይዞራል፣ ይዞራል፤ ምግቡን አልነካም፣ ሰው ሲቀርበው ይጮኻል። «ይሄስ ክፉ ነው» ብዬ ላልፍ ስል ሠራተኛዋ «ፈርቶ ነው እንጂ» አለችኝ። ሌሊቱን የሌሎቹ ጩኸት አያስተኛውም። ቦታው ሞልቷል፤ ቶሎ ካልተወሰደ ያሰጋዋል።

አገር ቤት ውሻ ደጅ አድሮ ጅብና ሌባ ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም። እኔም ሶፋ ላይ መውጣቱን እስካሁን አልወደውም። ግን ልጆቻችሁ «ውሻ ግዙልን» እያሉ ከጨቀጨቋችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩት። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ጠዋት ማን ያወጣዋል? ዝናብ ሲሆንስ? ሽቫቭ ከቆዳው ሥር ይገባለታል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ ነው፣ ፈቃድም ያስፈልገዋል፤ ካልተኮላሸ የፈቃዱ ክፍያ ይበዛል።

ቤት ሲገባ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፉለት። ልጆቹ አይክበቡት፣ ራሱ እስኪመጣ ይተዉት፤ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ጉልበቴም እምቢ ብሏል። ግቢ ያላችሁ ግን ነገ ጠዋት ሂዱ። ገና ስም አልወጣለትም።