ቆሎውን በመስኮት አትግዙ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የደብረ ሲና ቆሎ ይዞልኝ መጣ። ያቀበለኝ ግን አንገቱ ላይ ሪባን የታሰረበት፣ "የደብረ ሲና ባህላዊ ቆሎ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ነው። "ደብረ ሲና ምን ወሰደህ?" ብዬ ስጠይቀው ለካስ እግሩም አልረገጠም። ቅዳሜና እሁድን ያሳለፈው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሪዞርት ነው፤ ቆሎውም የተገዛው እንግዳ መቀበያው አጠገብ ካለች ሱቅ ነው። ወደ ደቡብ ወርዶ የሰሜኑን ቆሎ ሸምቶ ተመለሰ ማለት ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ደነገጥኩ። በዚያ ገንዘብ ደብረ ሲና ላይ አንድ ሙሉ የጽዋ ማኅበር የሚቆረጥመው ቆሎ ይገኛል።

"ዋጋ ተከራከርክ?"

"እዚያም ይከራከራሉ እንዴ?" አለኝ፤ እንደ ባለጌ አይቶ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች በዚህ ጉዳይ የቆየ ጠብ እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ሪዞርት ውስጥ ለአንድ ጠርሙስ ውሃ የተጠየቀውን ከፍሎ፣ ጉርሻውንም ጨምሮ የሚወጣው ሰው፣ መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት ፊት ሲደርስ ግን ነገረ ፈጅ ይሆናል። "የመጨረሻ ስንት?" ይላል። ትነግረዋለች። "የመጨረሻ መጨረሻ?" ይላል። የሪዞርቱ ወገኖች "እኛ የምንከፍለው ለንጽሕናው ነው" ሲሉም ሰምቻለሁ። እሳት ላይ የታመሰ ገብስ ላይ ሪባን ምን ንጽሕና እንደሚጨምር ያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ እናልፋቸዋለን።

ይልቅስ ስለ ቆሎው እናውራ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ 130 ኪሎ ሜትር ስትጓዙ ደብረ ብርሃንን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ብርዱና ጉሙ እየጠና ይሄድና ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ይውጣችኋል። ዋሻው ሲተፋችሁ አገሩ ተገለባብጦ ይጠብቃችኋል፤ መንገዱ ቁልቁል፣ አየሩ ለስለስ ያለ፣ ገደሉ ደግሞ አያድርስ። ትንሽ እንደወረዳችሁ ደብረ ሲና ናት። መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። ከደጋው የሚመጣ ገብስ ነው፤ ምርጡ እዚያ አገር ሰነፍ ገብስ የሚሉት፣ ልብሱ በቀላሉ የሚወልቀው ዓይነት። ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበትም አለ። ሲታመስ ውሎ ማታ የተሸጠና ትናንት ታምሶ ያደረ አንድ እንዳልሆነ ግን የሚያውቀው ወርዶ የቀመሰ ብቻ ነው።

አያችሁ፣ የመስኮት ግብይት ለማንም አይበጅም። ረዳቱ የመኪናውን ጎን እየደበደበ "ሳበው!" ይላል፤ ገዢው ዝርዝር የለውም፤ ሻጯ መልስ ልታመጣ ትሮጣለች፤ መኪናው ይነሳል። አንዳንዴ መልሱ እሷ ጋ ይቀራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቆሎው መኪናው ውስጥ ገብቶ ገንዘቡ ሳይወርድ ይሄዳል። ሁለተኛውን ማንም አያወራውም። ዋጋው ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው፤ የሚጠፋው ሁሉ ከወዲሁ የሚታሰበው ዋጋው ላይ ነውና። ወርዳችሁ፣ "እንዴት ዋልሽ እታለም?" ብላችሁ፣ አንድ እፍኝ ቆርጥማችሁ ግዙ። ምራቂውም ያኔ ነው የሚመጣው። በመስኮት ለሚሮጥ ሰው ምራቂ የሚጨምር ማንም የለም።

ከዚያም ከአስፋልቱ ገባ በሉ። የአገሩ ሰው የሚገበያየው እንደኛ አላፊ አግዳሚ ከሚቆምበት ቦታ አይደለም። ገበያው ውስጥ ከመንዝና ከጣርማ በር ደጋ የወረደ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ የሱፍ ባና አለ፤ ከቀወትና ከሸዋ ሮቢት ቆላ የወጣ ማሽላ፣ ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ፓፓያ አለ። ዋሻው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። ይህን ሁሉ ቁልቁለት መኪና ባጭር ጊዜ ይወርደዋል። ደጋና ቆላ እንዲህ ተቀራርበው የተቀመጡበት አገር ላይ ገበያ ባይቆም ነበር የሚገርመው። ዋጋው የሚረክሰው ሰዉ ድሃ ስለሆነ የሚመስለው ሰው አለ፤ ስሕተት ነው። የሚረክሰው እህሉ ሩቅ ስላልሄደ፣ በመሐል የገባ እጅም ጥቂት ስለሆነ ነው። በአራተኛው ደላላ እጅ ያለፈ ሽንኩርት በአራት ኪሎ ሜትር ውስጥም ይወደዳል።

አንድ ብልሃት እነግራችሁና በብልሃቱ እንዳትባልጉ አደራ እላለሁ። ገበያተኛው ከሩቅ በእግሩ ስለሚመጣ ገበያው በጧት አይደራም፤ የሚደራው ወደ እኩለ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ መመለሻው መንገድ ሲታወሰው ዋጋ ይሰብራል። ያን ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ የከተማ ሰው አውቃለሁ። ጥግ ይዞ ሰዓቱን እያየ ይቆማል፤ በጓን መልሳ ይዛ አቀበቱን ልትወጣ የማትችለው ሴት እስክትለምነው ድረስ። መግዛት ሌላ፣ እንደ አሞራ ማንዣበብ ሌላ።

እዚህ አካባቢ ገበያ የዛሬ ነገር አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበር መናገሻ ሳለች፣ ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ የአርብ ገበያዋ የታወቀ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እዚያች መንደር ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ከባሕር ዳርቻ በአፋር በኩል በግመል የሚመጣ ዕቃ፣ ጥጥና ቡና፣ ገንዘቡ ደግሞ አሞሌ ጨው። እንግሊዛዊው የተቀመጠው ሎጅ ውስጥ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ገበያውን ያየው። በኋላ መናገሻው ወደ አዲስ አበባ ሲዞር፣ ባቡሩም ከጅቡቲ ሲገባ፣ የአልዩ አምባ ነገር ቀዘቀዘ። ጣሊያን ተራራውን ሰርስሮ መኪና ሲያሳልፍ ደግሞ ሰው የሚያርፍበት ቦታ ደብረ ሲና ሆነ። ገበያ መንገዱን ነው የሚከተለው።

ወደ ታች ከወረዳችሁ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ፣ ሰንበቴ አለች፤ ገበያዋ እሑድ ነው። በማግስቱ ሰኞ ባቲ ይቆማል፤ ያልሸጠ ነጋዴ ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ግመሉንና ጨውን፣ እህሉንና ከብቱን ይዞ ይገናኝባቸዋል። አስጎብኚዎች ሁለቱን ገበያዎች በደንብ ያውቋቸዋል፤ ችግሩ ለፎቶ ብቻ ማወቃቸው ነው። ቱሪስቱ ከመኪናው ይወርዳል፣ የአፋሩን ጸጉርና ጊሌ የሚባለውን ጩቤ ያነሳል፣ ይሳፈራል፤ ከገበያ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። የኛዎቹ ደግሞ ከፈረንጁ ተምረው ያንኑ በስልክ ያደርጋሉ። የሰው ፊት ለመውሰድ ካማራችሁ ቢያንስ አንድ ጣሳ ማሽላ ግዙለት።

ቅድም ማሾ ካልኩ አይቀር ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር ላውጣ። የሸዋ ሮቢት ገበሬ ማሾ ያመርታል፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩልም ይሸጣል፤ ወደ እስያ ይላካል። እኛ ግን ወጥ አናደርገውም፣ ሾርባም አናደርገውም፤ ብዙዎቻችን ዘሩን ብናይ አናውቀውም። ሽሮና ምስር ጣራ ሲነኩ የምናማርር ሰዎች አፍንጫችን ሥር ያለውን ጥራጥሬ አልፈን እንሄዳለን። እኔ ቀቅዬ በሽንኩርትና በቃሪያ በልቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ከምስር ጋር ግን አላወዳድረውም።

ሽንኩርቱ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ማሾ ጎተራ ውስጥ ይጠብቃል፤ ሽንኩርት አይጠብቅም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ከዚያ ወዲህም መንገዱ በተኩስ በተዘጋ ቁጥር፣ የሆነውን አስቡ፤ ሮቢ ወንዝ ዳር ገበሬው የሚገዛው አጥቶ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፣ አዲስ አበባ ላይ ያው ሽንኩርት አይቀመስም። ገበሬውም ከሰረ፣ ሸማቹም ከሰረ። ያተረፈው መሐል ላይ መጋዘን ያለው ነው። እኛ ከተሜዎቹ የኑሮ ውድነት ስንል ስለ ነጋዴ ስግብግብነት ብቻ እናወራለን። ስግብግብነቱ አለ፤ አልክድም። ከተዘጋ መንገድ ግን የባሰ ስግብግብ አላየሁም። የእሑድ ገበያ በየክፍለ ከተማው መትከሉ ጥሩ ነው፤ ሽንኩርቱ እስከዚያ ካልደረሰ ግን ድንኳኑ ምን ይሸጣል? ስለዚህ የዋጋ ንረት ኮሚቴ የምታቋቁሙ ሰዎች፣ ከስብሰባችሁ በፊት ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን መንገድ ሰላም አድርጉልን። ከዚያ በኋላ ስለ ደላላ እንነጋገራለን።

ለእናንተ ደግሞ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች ጠይቃችሁ ውጡ። የገበያውን ቀን ከአገሩ ሰው አጣሩ። ዝርዝር ብርና ባዶ ጆንያ ያዙ፤ ፌስታል አታስቸግሩ። ገብሱን ከደብረ ሲና፣ ሽንኩርቱን ከሸዋ ሮቢት ግዙ፤ ማሾም አንድ ሁለት ኪሎ ሞክሩ። ደግሞም በጊዜ ድረሱ፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ገበያው መፈታት ይጀምራል።