ጀበናን የነደፈው ማን ነው?

በዐውደ ርእዮችም ሆነ በጥናታዊ ጽሑፎች ጀበናና መሶብ ብዙውን ጊዜ «ባህላዊ የጥበብ ሥራ» ተብለው ይመደባሉ። ስያሜው ዕቃዎቹን የሚያከብር ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ይህ አከባበር ጉዳትም አለው፤ ዕቃዎቹን ያስገኘውን ዕውቀት ከምርምር ዐይን ይሰውራልና።

የሥነ ጥበብና የንድፍ ልዩነት በውበት የሚለካ አይደለም፤ ሁለቱም ውብ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው ሥራው በማን ፊት እንደሚዳኝ ሲጠየቅ ነው። አንድ ሥዕል ለተመልካቹ ቢከብደው ወይም ባይጥመው በዚህ ብቻ ወድቋል አይባልም። በንድፍ ረገድ ግን ዳኛው ተጠቃሚው ነው። ጀበና አተላውን ከቡናው ጋር ወደ ሲኒው ካወረደ ወይም እጀታው ለመያዝ ካስቸገረ፣ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ተሳስቷል። ንድፍ በአገልግሎት ተፈትኖ ሊሳሳት የሚችል ሐሳብ ነው።

ጀበናን በዚህ መለኪያ እንመልከተው። ሆዱ ድቡልቡል በመሆኑ እሳቱ ከሥሩም ከጎኑም ያገኘዋል፤ ቡናው ሲሰክንም አተላው ወደ ታች ይወርዳል። አንገቱ ቀጭን መሆኑ ቡናው ቀስ ተብሎ ሲቀዳ አተላው ተከትሎ እንዳይወጣ ያግዛል። ሥሩ ድቡልቡል የሆነ ጀበና በደልዳላ ወለል ላይ ስለማይቆም ደግሞ ማቶት፣ ማለትም ክብ ማስቀመጫ፣ ተበጅቶለታል። እነዚህ ሁሉ ለችግር የተሰጡ መፍትሔዎች እንጂ ጌጦች አይደሉም።

መሶብ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። የመሶቡን ስፋት እንጀራው፣ የእንጀራውን ስፋት ደግሞ ምጣዱ ይወስነዋል፤ ክዳኑም እንጀራው እንዳይደርቅ ይጠብቃል። በጎኑ ላይ ባለ ቀለም አክርማ የተሰፋው ሐረግ ግን እንጀራውን አይሸከምም፣ ከድርቀትም አያድንም፤ የሰፊዋን ምርጫና ስሜት ይናገራል። እንግዲህ አንድ ዕቃ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ልንለይ የሚገባን ጥያቄዎቹን ነው።

ፈረንሳዊው ነዳፊ ፊሊፕ ስታርክ ለጣሊያኑ አሌሲ ኩባንያ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ባለ ሦስት እግር የሎሚ መጭመቂያ የጀበናን ተቃራኒ ያሳያል። የሎሚውን ዘር የሚያስቀር ማጥለያ የለውም፤ ሆኖም ብዙዎች ገዝተው በመደርደሪያቸው ላይ ያኖሩታል። በመጭመቂያነቱ ቢታማም በቅርጹ ተወደደ። በሆቴል መግቢያ ላይ ለጌጥ የሚቆም ግዙፍ ጀበናም እንዲሁ ነው፤ ቡና ስለማይፈላበት ሊሳሳት አይችልም።

ነገሩ የስያሜ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን «ንድፍ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ የሚሰመርን መስመር ስለሚያስታውሰን፣ ወረቀት ያልያዘች ሸክላ ሠሪ ነዳፊ መስላ አትታየንም። «ጠቢብ» ከሚለው የክብር ቃል ጋር ሥሩን የሚጋራው «ጠይብ» በአገራችን መስደቢያ ሆኖ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኞችን መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ደግሞ ዕቃውን «ቅርስ» ብለን ስናወድስ ሠሪዋን ስም የለሽ ወግ ጠባቂ እናደርጋታለን። ወግ ጠባቂ የወረሰችውን ትደግማለች፤ ነዳፊ ግን ትመርጣለች፣ ትሞክራለች፣ ታርማለች።

«ጀበናን ያስገኘው ትውልድ እንጂ አንድ ግለሰብ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ትውልድ ራሱ ጭቃ አያቦካም፤ የአፈሩን ዐይነት፣ የገላውን ውፍረትና የአንገቱን ርዝመት በየዕለቱ የምትወስን አንዲት ሴት አለች።

ስለዚህ በሥነ ጥበብ፣ በምህንድስናና በባህል ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች የጀበናን ትእምርታዊ ፍቺ ብቻ ከመተንተን አልፈው የገላውን ውፍረት፣ የአንገቱንና የሆዱን ምጥጥን፣ ሲቀዳም የሚያዘነብልበትን መጠን ይለኩ። የከሰል ምድጃ በኤሌክትሪክ ሲተካ የጀበናው ሥር ምን ለውጥ እንዳስፈለገው ይመርምሩ። ሠሪዋንም «ይህ ምን ያመለክታል?» ከማለታቸው አስቀድመው «ለምን እንዲህ አደረጉት? ያልሆነልዎትስ የትኛው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የምትሰጠው መልስ ከነስሟ በመዝገብ ሲሰፍር፣ ጀበናን የነደፈው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ምላሽ መስጠት እንጀምራለን።