ዓሣው ምን በልቶ አደገ?

ገበያ ወጥተን ዓሣ ስንገዛ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ዋጋውንና ትኩስነቱን። ከሐይቅ ለተጠመደ ዓሣ ይህ ይበቃ ይሆናል። በኩሬ ለረባ ዓሣ ግን ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ምን በልቶ አደገ?

ለዓሣ አርቢ ትልቁ ወጪ መኖ ነው። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ወጪው ግማሹን ይይዛል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ከመኖው ውስጥ ደግሞ የሚወደደው ፕሮቲኑ ነው። ለረጅም ጊዜ የፕሮቲኑ ዋና ምንጭ የዓሣ ዱቄት ነበር፤ ትንንሽ ዓሦች ደርቀው ሲፈጩ የሚገኝ ዱቄት ማለት ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ጥሬ ዓሣ ይፈጃል።

ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በጎረቤታችን ኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ኦሜና የምትባል የብር ቀለም ያላት ትንሽ ዓሣ አለች። ርካሽ ስለሆነች ሥጋ መግዛት ለማይችል ቤት አለኝታ ናት። ከነአጥንቷ ስለምትበላ ልጆች ካልሲየምም ያገኙባታል። የመኖ አምራቾችም የሚፈልጉት እሷኑ ነው። እናትና ፋብሪካ በአንድ ገበያ ሲሻሙ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አያቅትም።

ታዲያ በምን ትተካ? አንዱ መልስ ቅርባችን ነው። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የኑግ ፋጉሎ ጥሩ ፕሮቲን አለው፤ ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርትም እንዲሁ። ቆሮሶ በተፈጥሮው አልጌ ስለሚመገብ የዕፅዋት መኖ ይስማማዋል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። እርጥበት የነካው ፋጉሎ ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታውም መርዝ ሊፈጥር ይችላል። አኩሪ አተር ደግሞ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያደርግ ነገር ስላለው ሳይበስል ወይም ሳይቆላ አይሰጥም።

ሌላው መልስ ‹‹ጥቁር ወታደር›› የሚባለው ዝንብ ነው። እጩ የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትርፍራፊ እየበላ በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ ሲደርቅ 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለዓሣ መኖ እንዲውል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅዷል። ‹‹ትል የበላ ዓሣ!›› ብላችሁ ፊታችሁን ታጨማድዱ ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ ጓሮ ጭራ የምትለቅመው ምን ሆነና?

አንድ ነገር ግን አይረሳ። ሐኪም ዓሣ ብሉ የሚለን በኦሜጋ 3 ቅባቱም ምክንያት ነው። ቅባቱ የሚወሰነው ዓሣው በበላው ነው። ስለዚህ መኖው ሲቀየር ፕሮቲኑን ብቻ ሳይሆን ቅባቱንም ማሰብ ይገባል።

ኩሬ ልትቆፍሩ ያሰባችሁ ካላችሁ መመዘኛው ቀላል ነው፤ ሰው ሊበላው የሚችለውን ለዓሣ ከመስጠት በፊት ሰው የማይበላውን ፈልጉ። ገዢዎች ደግሞ ሦስተኛዋን ጥያቄ ጨምሩ። አርቢው መልሱን ያውቀዋል፤ ጠያቂ ሲበዛበት ደግሞ ይጠነቀቅለታል።