የቢሮው ስልክም ማንበብ ይማር

እንደሚታወቀው ዛሬ ስለ ስልክ ሲነሳ ሁሉም ሰው እጁን የሚሰደው ወደ ኪሱ ነው። መደበኛው ስልክ፣ ማለትም ያ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ጥግ ይቀመጥ የነበረው፣ ልጆች እንዳይነካኩት በትንሽ ጓጉንቸር ይቆለፍ የነበረው፣ «ስልክ መጥቶልሻል» እየተባለ ጎረቤት ይጠራበት የነበረው ስልክ፣ ጡረታ የወጣ ይመስላል። በብዙ ቤት ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በመሥሪያ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በደብዳቤው ራስጌ ላይ የሚታተመው፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ለበለጠ መረጃ» ተብሎ የሚለጠፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ አሁንም ያው የጠረጴዛው ስልክ ቁጥር ነው።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ይህ ቁጥር ድምፅ ብቻ ሳይሆን የጽሑፍ መልእክትም መቀበልና መመለስ አለበት።

ይህንን ለጓደኞቼ ሳነሳ አብዛኞቹ ሳቁብኝ። «አንተ ደግሞ! ቴሌግራም እያለ የሽቦ ስልክ ላይ ቴክስት?» አሉኝ። ሳቃቸው ይገባኛል። ነገር ግን በሽቦ ስልክ ጽሑፍ መላክ ከሞባይል የተኮረጀ ነገር አይደለም። እንዲያውም ታላቁ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሮበርት ዋይትብሬክት የተባለ መስማት የተሳነው አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ፣ የጽሕፈት መኪና የሚመስሉትን ቴሌፕሪንተሮች በተራ የስልክ መስመር ላይ እርስ በርስ እንዲጻጻፉ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ከዚያ በኋላ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በቤታቸው ስልክ መጻጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው የሞባይል ጽሑፍ መልእክት የተላከው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የሽቦው ስልክ ሞባይሉን በ28 ዓመት ይቀድመዋል ማለት ነው።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ሐሳቡ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2001 በጀርመን በመደበኛ ስልክ ኤስ ኤም ኤስ መላክና መቀበል ተጀመረ። አሠራሩም ቀላል ነው። መልእክቱን የያዘው ማዕከል ወደ ቤት ስልኩ ይደውላል። ስልኩ የደዋዩን ቁጥር አይቶ ማዕከሉ መሆኑን ካወቀ ሳይጮህ ራሱ ያነሳል፣ ጽሑፉን በድምፅ ምልክት ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ስልኩ አሮጌ ሆኖ ይህን የማይችል ከሆነስ? ኮምፒውተር መልእክቱን ጮክ ብሎ ያነብለታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2006 ለተወሰነ ጊዜ ወደ ቤት ስልክ የሚላኩ ጽሑፎችን ያነብ የነበረው ድምፅ የ«ዶክተር ሁ» ተከታታይ ድራማ ተዋናይ የነበረው የቶም ቤከር ድምፅ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ለምን ዓለምን አላዳረሰም? ተገቢ ጥያቄ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1982 ሚኒቴል የሚባል በስልክ መስመር የሚሠራ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው መሣሪያ ለየቤቱ በነፃ ማደል ጀመሩ። ሕዝቡም የስልክ ማውጫ ፈለገበት፣ የባቡር ቲኬት ቆረጠበት፣ ሲጻጻፍበትም አደረ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2012 ተዘጋ። ጃፓኖችም እ.ኤ.አ. በ2001 ኤል-ሞድ የሚባል ኢሜይልና መረጃ በቤት ስልክ ስክሪን ላይ የሚያመጣ አገልግሎት ጀምረው በ2010 አቆሙት። ሚኒቴልን ኢንተርኔት በላው። ኤል-ሞድን ደግሞ በእኔ እምነት የጣለው ሞባይልን ለመሆን መሞከሩ ነው። ሰው ለግል ወሬው፣ ለፍቅሩ፣ ለጓደኛው ኪሱ የሚገባ ስልክ እያለው ሳሎን ቆሞ ምን አስጻፈው?

ስለዚህ ጥያቄው «መደበኛ ስልክ ሞባይልን ይተካል ወይ?» መሆን የለበትም። ጥያቄው «ሞባይል የሌለው፣ መደበኛ ስልክ ብቻ ያለው ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ነው። መልሱም ይህ ይመስለኛል፦ የሞባይል ቁጥር የሰው ነው፣ የቢሮ ስልክ ቁጥር ግን የወንበሩ ነው።

ይህንን በአገራችን ሁኔታ እንየው። አንድ ባለጉዳይ ቢሮ ሄዶ ሲመላለስ፣ ደግ ሠራተኛ ካጋጠመው «በቃ በእኔ ሞባይል ጻፍልኝ» ይለዋል። ጥሩ ነው። ግን ያ ሠራተኛ ሲዛወር፣ ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ወይም ስልኩ ሲጠፋ ጉዳዩም አብሮት ይሄዳል። በቦታው የሚተካው ሰው ስለ ባለጉዳዩ የሚያውቀው ነገር የለም። ከዚህም በላይ ያንን የግል ቁጥር የሚያገኘው ሰው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዘመድ የሌለው፣ ፊቱ ያልታወቀ ባለጉዳይ የሚቀረው ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ነው። እሱ ደግሞ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህችን ዝምታ በደንብ እናውቃታለን። ለዜና አጻጻፍ የቤት ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስት ቀን ደውዬ ያነሳልኝ አላገኘሁም። በአራተኛው ቀን በአካል ስሄድ ያገኘሁት መልስ «እኛን የጠየቀ ማንም የለም» የሚል ነበር። ምን ማስረጃ አለኝ? የተጠራ ስልክ እኮ ሰነድ አይተውም። እኔ ደውያለሁ እላለሁ፣ እነሱ አልተደወለም ይላሉ፣ እዚያው ላይ ያበቃል። ጥያቄዬን በጽሑፍ ወደዚያው ቁጥር ልኬ ቢሆን ኖሮ ግን ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀመጥ ነበር። መምህሮቻችን «ምላሽ ለማግኘት ያደረግነው ሙከራ አልተሳካም» የምትለውን ዓረፍተ ነገር በቀላሉ እንዳንጽፍ ይመክሩናል። የጽሑፍ መልእክት የሚቀበል የቢሮ ስልክ ቢኖር ያቺ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ይኖራት ነበር። ቢሮውም ቢሆን ይጠቀማል፤ ያልተጠየቀውን «ተጠይቆ ዝም አለ» ከመባል ይድናል።

የእኛ የተማሪዎች ጉዳይ ግን ትንሹ ነው። መስማት የተሳናት አክስት አለችኝ። ማንበብና መጻፍ ከእኔ ትበልጣለች፤ ሞባይሏ ላይ ስትጽፍ ጣቶቿ አይታዩም። አንድ ጊዜ በአንድ የጤና ተቋም ምርመራ አድርጋ «ውጤቱ መድረሱን በዚህ ቁጥር ደውለው ይጠይቁ» የሚል ወረቀት ሰጧት። ቁጥሩ የመደበኛ ስልክ ነው። ወደ እሱ ብትጽፍ የሚያነብላት የለም። እኔ ደወልኩላት። ያነሳችው ሠራተኛ «ምኗ ነህ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ይቅርታ፣ ለባለቤቷ ብቻ ነው የምንናገረው፣ እሷ ትደውል» አለችኝ። ልብ በሉ፣ ሠራተኛዋ አላጠፋችም። የሰው ምስጢር መጠበቅ ግዴታዋ ነው። አክስቴም አላጠፋችም። ያጠፋው ጆሮ ብቻ እንጂ ዓይን የሌለው ስልክ ነው። በመጨረሻ አክስቴ ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ በወረቀት ጽፋ ጠየቀች። «አልደረሰም» የሚል በወረቀት ተጽፎ ተሰጣት። ለዚያች አንዲት ቃል ግማሽ ቀን!

አሜሪካኖች ይህ ችግር ገብቷቸዋል። የድንገተኛ አደጋ ቁጥራቸው 911 ለረጅም ዘመን ከሞባይል የሚላክ የጽሑፍ መልእክት አይቀበልም ነበር። መስማት ወይም መናገር የማይችሉ ሰዎች ጉዳይ በብርቱ ከተነሳ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 አራቱ ትልልቅ የሞባይል ኩባንያዎች የጽሑፍ መልእክት ወደ 911 ማድረስ ጀመሩ፤ መቀበል በሚችሉ ማዕከላት ማለት ነው። የቢሮ ስልክን በተመለከተም እዚያ የተለመደ አሠራር አለ። የድርጅቱ መደበኛ ቁጥር ሳይቀየር፣ ወደ እሱ የሚላከው ጽሑፍ ብቻ ተጠልፎ ቢሮው ውስጥ ወዳለ ኮምፒውተር ይገባል። ጥሪው በድሮው ስልክ ይቀጥላል። አዲስ የስልክ ቀፎ እንኳ መግዛት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ።

አንደኛው «የመዳብ ሽቦ ስልክ እኮ ሊጠፋ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። እንግሊዝ የድሮውን የስልክ ኔትወርኳን ለመዝጋት ይዛው የነበረውን የ2025 ቀነ ገደብ ወደ ጥር 2027 አዛውራለች፤ ፈረንሳይም የመዳብ መስመሯን እስከ 2030 ለመዝጋት አቅዳለች (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው)። የእኔ ጉዳይ ግን ሽቦው አይደለም፣ ቁጥሩ ነው። ሽቦው ፋይበር ቢሆንም ቁጥሩ የመሥሪያ ቤቱ እንደሆነ ይቀጥላል። በነገራችን ላይ ለሽቦው አንድ ምስጋና ይገባዋል። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ ስለሆነ (48 ቮልት ያህል ነው) መብራት ሲጠፋም ይሠራል። የመብራት ነገር ለእኛ አገር ሰው አይነገርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አማርኛ በኤስ ኤም ኤስ ቦታ ይፈጃል» የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ፊደል ይገባበታል፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ፤ ምክንያቱም በዩኒኮድ አሠራር እያንዳንዱ ፊደላችን ሁለት ባይት ይወስዳል። ግን የእኛ ፊደል አናባቢውን አቅፎ ስለሚሄድ ብዙ ይናገራል። «ውጤትዎ ደርሷል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ3 ሰዓት ጀምሮ መጥተው ይውሰዱ።» የሚለው ነጥቡና ባዶ ቦታው ሳይቀር 44 ብቻ ነው። ለአክስቴ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ዛሬ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያነቡ ኮምፒውተሮች ስላሉ፣ መልእክቱ ወደ ቤት ስልኩ ተደውሎ ሊነበብለት ይችላል።

ሦስተኛው ደግሞ እኔንም የሚያሳስበኝ ነው። የቢሮ ስልክ የጋራ ነው፤ የተጻፈውን ብዙ ሰው ያየዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ መላክ የሌለበት ነገር አለ። የምርመራው ውጤት ራሱ አይጻፍም፣ መድረሱ ግን ይጻፋል። ደመወዝ አይጻፍም፣ የደብዳቤ ቁጥር ግን ይጻፋል። ይህ በደንብና በሥልጠና የሚስተካከል ነገር እንጂ ሐሳቡን የሚያስጥል አይደለም።

«ሰው ሁሉ ሞባይል አለው» ለሚሉትም መልሴ «አዎ፣ ለዚህ ነው» የሚል ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት። ይህ ሁሉ ሕዝብ መጻፍ የሚችል መሣሪያ ይዞ፣ የሚጽፍለት ቢሮ ግን ማንበብ የማይችል ስልክ ይዞ ተቀምጧል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1894 በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ያንን ሁሉ መንገድ ምሰሶ ተተክሎ፣ የቴሌግራፍና የስልክ ሽቦ ተወጥሮ የመጣው የራቀው ሰው ጉዳይ ከቢሮ እንዲደርስ ነው። ዛሬ የራቀው ሰው በርቀት ብቻ የራቀ አይደለም። መስማት ስለማይችል የራቀ አለ፣ ሰው ስለማያውቅ የራቀ አለ።

ሲጠቃለል የምጠይቀው አራት ነገር ነው። በሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ የቢሮ ቁጥር ሁሉ ጽሑፍ ይቀበል። የተላከው ጽሑፍ በአንድ ሠራተኛ ኪስ ሳይሆን በቢሮው ኮምፒውተር ይቀመጥ። ላኪው ወዲያውኑ ቀን፣ ሰዓትና የመዝገብ ቁጥር ያለው መቀበያ ይድረሰው። በስንት ቀን እንደሚመለስለትም ከቁጥሩ ሥር ይጻፍ።

ለመጀመርም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የትምህርት ክፍላችን ቢሮ በር ላይ የተለጠፈ አንድ የመደበኛ ስልክ ቁጥር አለ። ውጤት የጠፋበት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪው ያልታወቀለት፣ ከክፍለ ሀገር ሆኖ «ምዝገባ መቼ ነው?» የሚል ተማሪ ሁሉ የሚደውለው እዚያ ነው። ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚያስተምር የትምህርት ክፍል ይህንን ቀድሞ ቢሞክረው ለሌሎቹም ምሳሌ ይሆናል፤ ለእኛም የተግባር ትምህርት ይሆነናል። የተከበራችሁ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች፣ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም፣ ምክንያቱም» የሚል መልሳችሁን በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን። ብቻ አደራ፣ በጽሑፍ ይሁን።